ሉዊዝ ሞርቫል የማን ልጅ ናት

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፤

ይህ ወረቀት አንቺንም፣ ባለቤትሽን ዘነበንም፣ ትንሿን ማሕሌትንም በደኅና ያግኛችሁ። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና አለን። እህቴ ሸዋረጋ ከጉልበቷ በቀር ጤነኛ ናት፤ እኔም ከዓይኔ በቀር። ሁለታችን ብንደመር አንድ ደኅና ሰው ይወጣናል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለተኛ ልጅ መፀነስሽን ሳነብላት ሸዋረጋ እጇን ዘርግታ መረቀችሽ። ሰኔ ላይ ነው የምትወልጂው የሚለውን መልሼ እንዳነብላት አደረገችኝ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እሷን ለአራስነትሽ ወደዚያ ለመውሰድ ማሰብሽንም አይቻለሁ። ዕድሜዋን በማዋለጃ ክፍል የሠራች ዘመድ እያለችኝ በባዕድ እጅ አልታረስም ማለትሽ ያኮራል። ይሁን እንጂ ሰው ከአገር ሲወጣ ዋስ ይጠየቃል። ዋሷ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እስቲ ቆይ እላለሁ። ምክንያቱን ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ።

ምድር ባቡር ሳለሁ አለቃዬ የነበሩት ፈረንሳዊ ሙሴ ሩሴል አገራቸው ሲገቡ የሸክላ ማጫወቻቸውን ከነሸክላዎቹ ትተውልኝ ሄዱ። ከመካከላቸው ኤቲዬን ሞርቫል የሚባል የኦፔራ ደራሲ ሥራዎች አሉ። ኦፔራ ማለት ሰዎች መድረክ ላይ ሲጣሉም ሲታረቁም በዜማ ብቻ የሚነጋገሩበት ቴአትር ነው። ዘነበ ቢስቅ፣ ቄሶቻችን በማሕሌት ከዚህ የራቀ ነገር እንደማይሠሩ ንገሪው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራዎች በአማርኛ ጽፌአለሁ። ተመርምሮ ይታተም ተብሏል፤ የማተሚያ ቤቱ ተራዬ ሰኔ ነው። ችግሩ፣ ስለ ሰውየው የማውቀው በሸክላዎቹ ሽፋን ጀርባ ላይ የታተመውን ያህል ብቻ ነው። መቼ እንደተወለደ፣ እንዴት እንደሞተ አይናገርም። አብልጦ የሚናገረው ስለ እህቱ ነው። «ዜማ፦ ኤቲዬን ሞርቫል፤ ግጥም፦ ሉዊዝ ሞርቫል» ይላል። ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች ግጥሙንና ዜማውን ተካፍለው ሠሩ ማለት ነው። የኖታ ወረቀቱን የምታሰምርለት እሷ፣ ከቴአትር ቤት ሹማምንት ጋር የምትሟገትለት እሷ። ሊዮን ወደሚባል ከተማ ሄዳ በከረመችበት ዓመት ሰውየው አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም ይላል ሽፋኑ።

አራተኛው ምዕራፌ ስለ እሷ ነው። ርእሱ «እህት» ነው። መጽሐፉን ለማን እንደማበረክተው ልነግርሽ አያስፈልግም። ለምን ቆይ እንደምልም አሁን ሳይገባሽ አይቀርም።

አሜሪካ መጽሐፍ የማይገኝበት አገር አይደለም አሉ። ፈልጊልኝ።

የአያትሽ የወይዘሮ የወርቅውሃ የአክስት ልጅ፣
አምሐ


ኦክላንድ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1986

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ አምሐ፤

እርስዎም እትዬ ሸዋረጋም እንኳን ለልደቱ አደረሳችሁ። እዚህ ፈረንጁ አክብሮ ጨርሶ ዛፉን መንገድ ዳር ጥሎታል፤ የኛ ከነገ ወዲያ ነው። ዘነበ ታክሲውን እየነዳ ነው፤ በዓል ሲሆን ኤርፖርቱ ሥራ አለው። ማሕሌት አድጋለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ሰውዬዎን ፍለጋ ወጥቼ ነበር። እኔ የምሠራው ዳውንታውን ኦክላንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው፤ ሰው መኪናውን ሲያወጣ ትንሽ የመስታወት ቤት ውስጥ ሆኜ ሒሳብ እቀበላለሁ። ላይብረሪው ቅርብ ነው። በምሳ ሰዓት ሄድኩ። የመጽሐፉ ሁሉ ስም ካርድ ላይ ተጽፎ በፊደል ተራ በመሳቢያ ተደርድሯል። ኤቲዬን ብዬ ፈለግሁ፤ ሞልቷል፣ የኛው ግን የለም። ለሴትዮዋ ነገርኳት።

«ላስት ኔሙ ማነው?» አለችኝ።

«ኤቲዬን።»

«እሱ ፈርስት ኔም ነው። ላስት ኔሙን ነው የምልሽ።»

«ሞርቫል የአባቱ ነው፤ እኔ የምፈልገው ልጁን ነው» አልኳት።

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ቀጥላ ሶሪ አለች። እዚህ ሰው የሚፈለገው በመጨረሻው ስሙ ነው። አምስት ዓመት ኖሬ አሁንም ይጠፋኛል። በሞርቫል ስንፈልግ አንድ ካርድ ወጣ። መጽሐፉ ሌላ ከተማ ነው ያለው፤ አስመጥቼ ኮል አደርግልሻለሁ ብላለች። በፈረንሳይኛ ነው የተጻፈው። እኔ ደግሞ ከቦንዡር አላልፍም። ግን ሳን ሆዜ ውስጥ ወይዘሮ ጸሓይ የሚባሉ መጋረጃ የሚሰፉ የከረን ሰው አሉ፤ ልጅ ሆነው ፈረንሳውያን መነኮሳት ናቸው ያሳደጓቸው። እሳቸውን አስቸግራለሁ።

እስከዚያው ሥራ ቦታ ሬዲዮዬን ክላሲክ የሚያጫውተው ጣቢያ ላይ አድርጌዋለሁ። ደውዬም ሞርቫልን አጫውቱልኝ አልኩ። ሰውየው «ስፔል አድርጊልኝ» አለ፤ አደረግሁለት፤ «አር ዩ ሹር?» አለኝ። ዘነበ ይስቅብኛል። «ሰውየው ሞቷል፤ ሚስቴን ግን ምሳዋን እያስዘለላት ነው» ይላል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እትዬ ራሳቸው ምን ይላሉ? በደብዳቤዎ ላይ የሳቸውን ቃል ፈልጌ አጣሁ። መረቁሽ ይላል፣ አስነበቡኝ ይላል። እመጣለሁ ወይም አልመጣም ማለታቸውን ግን አይልም።

ልጅዎ፣
ሀረገወይን


አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፤

ጤናሽን ያብዛልሽ። እኛ እንደምታውቂን ነን። ማሕሌት በእንግሊዝኛ መመለሷ አልገረመኝም፤ አንቺም በእንግሊዝኛ ትጽፊልኛለሽ፣ ፊደሉ ብቻ ነው የኛ። ሸዋረጋ «ኮል አደርግልሻለሁ» የሚለውን «ቅል አደርግልሻለሁ» ብላ ሰምታ ሴትዮዋን ታዝባታለች።

በመጽሐፉ መገኘት ተደስቻለሁ። ወይዘሮ ጸሓይን እጅ ንሺልኝ።

ምን ትላለች ብለሻል። ጠየቅኋት። «አንተ እንዳልክ» አለች። እንግዲህ ነገሩ ያለቀ ይመስለኛል። በእኔ አትዘኚ። አምና አምቦ ለለቅሶ ሄዳ ስትቆይ እኔ አንድ ገጽ አልጻፍኩም፤ ዳቦና ሻይ ስበላ ነው የከረምኩት። ሞርቫልም ያለ ሉዊዝ የደረሰበትን ጽፌልሻለሁ። ይህ የእኔ ድክመት ቢሆን ኖሮ ባፈርኩበት፤ ግን ሥራው የሚፈልገው ነው።

አራተኛውን ምዕራፍ ባለፈው እሑድ አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ሰማች። ሉዊዝ ለወንድሟ ስትል ሳታገባ መቅረቷን፣ የገዛ ስሟ በትንሽ ፊደል መጻፉን ሳይቀር ጥሩ አድርጌ ገልጬዋለሁ። መጨረሻው ላይ ድምፄ ራሱ ትንሽ ተሰበረ። ትሪውን አስቀመጠችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ሊዮን ምን ልትሠራ ነበር የሄደችው?»

«ሽፋኑ አይልም» አልኳት።

«አንተስ አልጠየቅክም?»

እውነቷን ነው፤ አልጠየቅሁም። ስለዚህ ይህንንም ጨምረሽ ፈልጊልኝ። ሉዊዝ ሊዮን ምን ልትሠራ ሄደች? ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻውን ቅጂ በግንቦት መጀመሪያ ይፈልገዋል።

አምሐ


ኦክላንድ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 23 ቀን 1986

ይድረስ ለጋሽ አምሐ፤

ዓቢይ ጾሙን በሰላም ያስጀምራችሁ። እኛ ደኅና ነን። ሐኪሙ ደምሽ ከፍ ብሏል፣ ቁጭ ብለሽ ሥሪ ብሎኛል። ድሮም ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው።

መጽሐፉ መጣ። ባለፈው ቅዳሜ ባርት በሚሉት ባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ድረስ ወሰድኩት። ወይዘሮ ጸሓይ መጋረጃ ቆርጠው የሚዘረጉበት ትልቅ ጠረጴዛ አላቸው፤ እዚያ ላይ አስቀምጠው፣ መቀሱን እንደ ዕልባት እያስገቡ ያነቡልኛል። ደስ ያላቸው ቦታ ሲደርሱ ለብቻቸው ይስቃሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ።

ኤቲዬን ሞርቫል እ.ኤ.አ. በ1836 ዲዦን ተወለደ። አባቱ ጓንት ሰፊ ነበር። ልጁ ጓንት መስፋት እምቢ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መምታት ጀመረ። ፓሪስ ሲገባ ማንም አልፈለገውም። የመጀመሪያው ኦፔራው «የጨው ቀራጩ» ነው። መንደርተኛው ጨው ደብቆ በአህያ ሲያሳልፍ ቀራጩ ይይዘዋል፤ ቀራጩ ደግሞ የመንደርተኛውን ልጅ ይወዳታል። እርስዎ ይህን ያውቁታል። የማያውቁት አህያዋ የእውነት መሆኗን ነው። በመጀመሪያው ምሽት ቀራጩ ፍቅሩን ሲገልጽ ጮኸች። ተመልካቹ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። ሞርቫል ከቴአትር ቤቱ በኋላ በር አምልጦ ወጣ። በማግሥቱ ግን ሕዝቡ ተሰልፎ ሲጠብቅ አገኙት፤ የመጣው አህያዋ ትጮሃለች ሲባል ሰምቶ ነው። አህያዋ ዝም አለች። ሰዉ ገንዘባችንን መልሱ አለ። ሞርቫል በሦስተኛው ቀን የአህያዋን ጩኸት በመለከት ጻፈው። እርስዎ ሸክላው ላይ የሚሰሙት፣ ቀራጩ «ልቤን» ሲል የሚገባው መለከት እሱ ነው።

«የሐይቁ ዳኛ» አልተሳካለትም። ዳኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጀልባ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ዘፋኙን ራሱን አዞረው። «ሰዓት ሠሪዋ» የመጨረሻው ነው፤ እሱን ስትመለከት ፓሪስ ሁሉ አለቀሰች ይላል። በ1891 ሞተ፤ ሳንባውን ነው።

ወይዘሮ ጸሓይ ፎቶውን አይተው «ፊቱ የተቀጣ ተማሪ ይመስላል» አሉ።

ስለ ሉዊዝ ያለው ክፍል ረጅም ነው፤ ገና አልጨረስነውም።

ዘነበ ሌላ ሰው እንፈልግ ይለኛል። አልባኒ ውስጥ አራስ የምትንከባከብ ሴት አለች አሉት። እሺ አላልኩትም።

ሀረገወይን


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፤

ጌታ በምሕረቱ ይጠብቅሽ። አህያዋን ለሸዋረጋ አነበብኩላት፤ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሸክላውንም አጫወትኩት። መለከቱ ሲገባ «ይኸው ጮኸች» አለች። ስንት ዓመት ስሰማው ያ መለከት የፍቅር ስቃይ ይመስለኝ ነበር፤ ጽፌዋለሁም። አሁን ሰረዝኩት።

ነገር ግን ልታዘብሽ ነው። ስለ አህያ ሙሉ ገጽ የምትጽፍ ሴት ስለ ሉዊዝ «ገና አልጨረስነውም» ብላ አለፈች። ምዕራፌ ስለ አህያ አይደለም። ምን ደብቀሻል? ክፉ አሟሟት ከሆነ ጻፊልኝ፤ እችለዋለሁ። ለወንድሟ ስትል ከሞተች ደግሞ ይበልጥ ማወቅ አለብኝ።

እዚህ ቤትም ዝምታው በዝቷል። ሸዋረጋ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ደኅናውን ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች። ወዴት ነው ስላት «እመለሳለሁ» ትለኛለች። መመለሷንማ አውቃለሁ።

አምሐ

ሀረገ፣ እግርሽ ያብጣል ወይ? ጣቴን ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል ካልሽ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሪ። ጨው ተዪ። ራስ ምታት ካለሽ አትናቂው። ስለ ሴትዮዋ ያወቅሽውን ጻፊለት። እሱ አይሰበርም።
ሸዋረጋ


ኦክላንድ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1986

ይድረስ ለጋሽ አምሐ፤

እርስዎም እትዬም እንደምን አላችሁ። እግሬ ያብጣል፤ ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፤ ሥራ አስቁሞኛል። ጨውም ትቻለሁ። ይንገሩልኝ።

ሉዊዝ የሞርቫል እህት አይደለችም። ሚስቱ ናት።

ያንን ቅዳሜ ወይዘሮ ጸሓይ ናቸው የደረሱበት። «እህቱ ናት ያላችሁ ማነው?» አሉኝ።

«አጎቴ።»

«ምን ብሎ?»

«ሁለቱም የሞርቫል ልጆች ናቸው ብሎ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ ላይ ኤፑዝ ይላል። ኤፑዝ ሚስት ነው። የአባቷ ስም ባርዱ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። አጎትሽ ባልና ሚስቱን አፋትቶ ወንድምና እህት አደረጋቸው? ኃጢአት ነው።» ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ምዕራፍ አራት ትዝ አለኝና ተውኩት።

በእርስዎ አልፈርድም። እኔም እንደዚያው ነበር ያነበብኩት። እዚህ ሴት ስታገባ በባሏ የመጨረሻ ስም ትጠራለች፤ ሲነግሩኝ እሰማለሁ፣ አይገባኝም። የማሕሌት ትምህርት ቤት ሲደውሉ «ሚስስ ገብረየስ?» ይሉኛል። ገብረየስ አማቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ደብረ ብርሃን ነው የተቀበሩት። ልጃቸውን አግብቼ የሳቸው ሚስት ሆኛለሁ። ዘነበ በዚህ ጊዜ «እንጀራ እናቴ» እያለ ይጠራኛል። ያቺም ሉዊዝ እንዲሁ የጓንት ሰፊው ሚስት ተደርጋ ነው ሽፋኑ ላይ የተጻፈችው፤ እኛ ደግሞ ልጁ አደረግናት።

እትዬ የጠየቁት መልስ አለው። ሊዮን የሄደችው ልትማር ነው። የዘፈን መምህርነት። በዚያ ዓመት ሞርቫል ያልጻፈው በናፍቆት አይደለም፤ ከቴአትር ቤት ደረጃ ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰብሮ ነው።

ከሊዮን ተመልሳ ጥቂት ተቀመጠችና ለሁልጊዜው ሄደች፤ ማርሴይ ወደሚባል የባሕር ከተማ። እዚያ ትምህርት ቤት ከፈተች። እሱ ከዚያ በኋላ ሦስት ኦፔራ ጻፈ። አንዱ እርስዎ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት «ሰዓት ሠሪዋ» ነው። ግጥሙን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ከማርሴይ በፖስታ እየላከች። ቤቱ ሳለች በነጻ ነበር የምትጽፍለት። ከሄደች በኋላ ግን በውል ነው። አልተጣሉም። ሦስተኛው ገቢር ረዝሟል ትለዋለች፣ ሳልህ እንዴት ሆነ ትለዋለች። የፍቺ ሕግ ሲወጣ ተፋቱ፤ እሷ ስሙን አልመለሰችም፣ እሱም አልጠየቃትም። እሱ ከሞተ በኋላ ብዙ ኖራለች።

ይህን ሁሉ አውቄ ስለ አህያ ጻፍኩልዎ። ምክንያቱን ያውቁታል። እኔ እትዬን እፈልጋቸዋለሁ። እርስዎ ሉዊዝን ይዘው አልሰጥም ብለውኛል። አሁን እኔ ተነሥቼ ሉዊዝ ሄዳለች፣ ሰውየውም አልሞተም ብል ለራሴ ጥቅም የፈጠርኩት ነው የሚመስለው። ስለዚህ እኔን አይመኑ። ገጾቹን ኮፒ አድርጌ አብሬ ልኬአለሁ። ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ ራስዎ ያንብቡ። መጽሐፍዎ በዚያም ቢወጣ በዚህ፣ እኔ ለማንም አልናገርም።

ማሕሌት ትናንት «ኢዝ ሺ ካሚንግ ኦር ኖት?» አለችኝ። ማን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሀረገወይን


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፤

ፈጣሪ ሁለት ነፍስ አድርጎ በሰላም ይገላግልሽ። መልሱን ያዘገየሁት ነገሩ ከብዶኝ ነው፤ ሌላ ሰበብ አልፈጥርም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር፤ አንድ እውነትና አንድ ልመና። እውነቱን ገጾቹን አንብቤ ተቀበልኩ። ኤፑዝ ይላል። ምን ያሳፍረኛል መሰለሽ? የሙሴ ሩሴልን ሚስት ስንት ዘመን «መዳም ሩሴል» እያልኩ ባርኔጣዬን አንሥቻለሁ። የአባቷ ስም ሩሴል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ፈረንሳይኛው ሳይሆን ልቤ ነው የሳተው። እህት ፈልጌ እህት ሰጠሁት።

ለሸዋረጋ ሳነብላት ስለ ሚስትነቱና ስለ ማርሴይ ያለውን ዘለልኩት። ጨረስኩ ብዬ አጠፍኩ።

«የዘለልከውን አንብብ» አለችኝ።

«ምን ዘለልኩ?»

«ዓይንህ ሦስት መስመር ወረደ፣ አፍህ ግን ዝም ብሎ ነበር።»

አነበብኩላት። ስጨርስ ብዙ ትናገራለች ብዬ ነበር። «ተገላገልኩ» አለች። ከምን ስላት፣ «እህቱ ሆና ያን ሁሉ ከቻለች እኔ ምን ነካኝ እያልኩ ነበር» አለች። ከዚያ ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። እኔ ነኝ ያልተናገርኩት፤ እሷማ እንደ ወትሮዋ ምሳ ቀረበ ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቶቿን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ፓስፖርቱ፣ የሐኪም ወረቀቱ፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ ሁሉም አልቋል። ደኅናውን ነጠላ ለብሳ ስትወጣ የከረመችው ለዚህ ነበር። የቀረው የዋስ ፊርማ ብቻ ነው። ሆስፒታል አብሯት የሠራ ጋሻው የሚባል ሰው እኔ ልፈርምልሽ ብሏት እንደነበር በኋላ ከራሱ ሰማሁ። «ወንድሜ ይፈርማል» ብላ መለሰችው አሉ። ይህን እኔ «አንተ እንዳልክ አለች» ብዬ በጻፍኩልሽ ሰሞን ነው።

ፈረምኩ። ኤምባሲውም ቪዛውን ሰጣት። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ እሷ ናት። አሽጌዋለሁ፤ ግን አውሮፕላኑ ሳይነሣ ታነበዋለች።

ምዕራፍ አራትን አወጣሁት። ማተሚያ ቤቱ ጊዜ የለም ቢለኝም እንደ አዲስ ጻፍኩት። ርእሱ አሁን «ሉዊዝ ባርዱ» ነው። ጥሩ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የበፊቱ ይበልጥ ያስለቅስ ነበር። መጽሐፉ ለእህቴ መበርከቱን አልለወጥኩም። አንብቤላት ስጨርስ ግን እሷ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች፣

«ከሄደች በኋላ ማን ነው ያበሰለለት?» አለችኝ።

«እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አይጻፍም» አልኳት።

«ሦስት ኦፔራ ጾሙን አልጻፈም። አንዲት ሴት ነበረች።»

ወደ ወጥ ቤት ወስዳ ሽሮ አሠራር አሳየችኝ። ሁለቴ አሳረርኩት። ሦስተኛውን ልጀምር ስል፣ ሰኞ ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት ትመጣልሃለች፣ ስሟን አክብረህ ጥራት፣ ደመወዟን አታዘግይባት አለችኝ። ይህንንም ከእኔ ቀድማ ጨርሳዋለች።

ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ነገር ላስቸግርሽ። ስትታረሺ አይደለም፤ ከተነሣሽ በኋላ። ከወይዘሮ ጸሓይ ጋር ሆናችሁ መጽሐፉን እንደገና እዩልኝ። ሉዊዝ ከሄደች በኋላ ለሞርቫል ታበስል የነበረችው ሴት ማን ናት? ማተሚያ ቤቱን ለምኜ ምዕራፉ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ክፍት አስቀርቻለሁ። ስሟን ከነአባቷ ስም ላኪልኝ፤ የባሏን አልፈልግም።

አምሐ